ሊቀመንበሩን የሸኘን ዕለት

ሰው ተነስቶ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ማየትን የመሰለ ነውር እኛ ዘንድ የለም። እንግዳ «በሉ ልሂድ» ካለ ቤተሰቡ በሙሉ ብድግ ይላል፣ ደጃፍ ድረስ ይከተለዋል፣ ዋናው ጨዋታ ደግሞ የሚጀመረው ደጃፍ ላይ ነው። አምቦ ውስጥ ከሆነማ ሽኝቱ በሁለት ቋንቋ ስለሚካሄድ ጊዜውም እጥፍ ነው። መልካም ጠባይ ነው፣ አልቃወምም። ችግሩ «የዳይሬክተሮች ቦርድ» የሚባለውን ነገር ያመጡልን ሰዎች ይህን ጠባያችንን ቀድመው አለመጠየቃቸው ነው።

እኛ ቦርድ የሆንነው እንዲሁ ሳናስበው ነው። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ነርሱ፣ የጉደርና የደንዲ ገበሬው አዋጥተን አምቦ ላይ የዱቄት ፋብሪካ አቆምን። አክሲዮን ማኅበር ናችሁ አሉን፤ ቦርድ ምረጡ አሉን፤ መረጥን። እኔን አስተማሪ ስለሆንኩ ጸሐፊ አደረጉኝ፤ የአስተማሪ ሁሉ ጽሑፍ የሚነበብ ይመስላቸዋል። ሊቀመንበራችን ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። የከተማው ሰው ግማሹ የእሳቸውን መርፌ እየተወጋ ያደገ ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ እሳቸው ፊት ሁላችንም በጥንቃቄ ነው የምንቀመጠው።

ቦርድ በምን እንደሚበላሽ ልንገራችሁ? ሰብሳቢው ሐሳቡን አስቀድሞ ይናገራል፣ ሌላው «ሊቀመንበሩ እንዳሉት» እያለ ይደግማል፣ አለቀ። ኦቦ ገመቹ ግን የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ዝም ያለ አባል ካዩ ደግሞ፣ እንደ ድሮው ሥራቸው፣ «አንተስ ምንህን ነው የሚያምህ?» ይሉታል። እንዲህ ተብለህ ስትጠየቅ የሚያምህን ከመናገር በቀር ምን መውጫ አለህ? ከባለአክሲዮን የሚደበቅ ነገር አይወዱም፤ በዘመድ የመጣ ጉዳይ አይወዱም። እውነቱን ለመናገር እኚህን ሰው በጣም ነበር የምወዳቸው።

አንድ ቀን የውስጥ ኦዲተር ቅጥር ለቦርዱ ቀረበ። ከአመልካቾቹ አንዷ ለሊሴ ገመቹ ናት፤ አዎ፣ የእሳቸው ልጅ። አካውንቲንግ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ፍለጋ እግሯ እስኪቀጥን ተንከራታለች። ኦቦ ገመቹ ሰብሳቢነቱን ለምክትላቸው ለእትዬ ብርቅነሽ፣ ለእህል ነጋዴዋ፣ አስረከቡና፣ ጉዳዩ እኔን ይነካል፣ ደንባችንም ውጣ ይለኛል ብለው ብድግ አሉ።

እሳቸው ሲነሱ እኛም ተነሳን። ሲወጡ ተከተልናቸው። አንዱ ካፖርታቸውን ያዘላቸው። ደረጃውን ወርደን፣ በዱቄቱ ጆንያ መሃል አልፈን፣ ግቢው በር ደረስን፤ እዚያ ቆመን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮው ስንዴ፣ ስለ እትዬ ብርቅነሽ ጉልበት ሕመም መጫወት ያዝን። ኦቦ ገመቹም ስለ ጉልበቱ ምክር ከሰጡ በኋላ ነው የነቁት። ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ክቡር የዳይሬክተሮች ቦርድ አንድም ሰው ሳይጎድል መንገድ ዳር ቆሟል። «ማል ታታን? ምን ሆናችኋል? እኔ የወጣሁት እኮ እናንተ ውስጥ እንድትቀሩ ነው» አሉን። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኛም እንዳረፈደ ተማሪ አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ገሚሱ፣ ልጃቸውን ካልቀጠርን በምን ዓይናችን እናያቸዋለን አለ። ገሚሱ፣ ከቀጠርናትስ ባለአክሲዮኑ ምን ይለናል አለ። እኔ ከሁለቱም ጋር ነበርኩ። በመጨረሻ እትዬ ብርቅነሽ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና፣ ይቺ ልጅ በአባቷ ልትገባ ነው ወይስ በአባቷ ልትወድቅ፣ እሷ ራሷ የታለች ሲሉ ጠየቁ። አፈርን። አመልካቾቹ የተፈተኑበትን ወረቀት እስከዚያ ድረስ የገለጠው ሰው አልነበረም። ስም ስሙን ሸፍነን አነበብን፤ ከሁሉ የበለጠውን መርጠን ስንገልጠው የለሊሴ ሆነ። በአንድ ድምፅ ቀጠርናት። የዚያን ዕለት በቦርዳችን ኮራሁ።

ኦቦ ገመቹን አስጠርተን እትዬ ብርቅነሽ ውሳኔውን ነገሯቸው። አባት አይደሉ፣ ፊታቸው በራ። ነገር ግን ሳይቀመጡ፣ ኦዲተሯ ተጠሪነቷ ለቦርዱ ነው፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ልጅ አባቷን እንዴት አድርጋ ትመረምራለች አሉን። ይህን ያሰበ አልነበረም። የደንዲው አባላችን፣ እንግዲያውስ ልጅቷ ትቅር፣ ኦዲተር አይጠፋም አሉ። ሁላችንም በመስማማት ራሳችንን ነቀነቅን። ኦቦ ገመቹ ግን «እንጀራ የምትፈልገው እሷ ናት፤ እኔ ጡረታ አለኝ። ሊቀመንበርም አይጠፋም» ብለው ከቦርዱ ለቀቁ። ለመንናቸው። እትዬ ብርቅነሽ አለቀሱ። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ያለ ማንም ረዳት፣ ብቻችንን ሆነን ትክክለኛ ውሳኔ የወሰንን ዕለት፣ ትክክል መወሰን ያስተማሩንን ሰው አጣን። ለሊሴ ሥራዋን እንደ አባቷ ይዛዋለች፤ ሪፖርት ስታቀርብ ምንህን ነው የሚያምህ ብላ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። ቦርዱ መርጦኝ በአባቷ ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ነኛ። እንደ እሳቸው ዓይነት ፈተና ቢመጣብኝ ወንበሩን ለልጄ ብዬ እለቅ ይሆን እያልኩ ብዙ ተጨንቄአለሁ። ደግነቱ የእኔ ልጆች፣ የሂሳብ አስተማሪ ልጆች ሆነው፣ ሂሳብ የሚባል ነገር አይገባቸውም። ድሮ በዚህ ነገር እናደድ ነበር፤ አሁን ግን ተመስገን ነው።