ወንበር የሚይዙት ራሰ በራ

መቼም በእናንተም ሰፈር አይጠፋም፤ ራሱ ሥራ ፈቶ የሠራተኛ ወንበር የሚይዝ ሰው። የእኛው ጋሽ ላሚሶ ይባላሉ። አዲስ ከተማ ያለው የማቴዎስ ፀጉር ቤት ይመጡና ያለችው አንዲት መቁረጫ ወንበር ላይ ጉብ ብለው ወሬ ይጀምራሉ። ምናቸውን ሊቆረጡ? ራሰ በራ ናቸው እኮ! ደንበኛ በበሩ ብቅ ይላል፣ ወንበሩ መያዙን ያያል፣ ይሄዳል።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና ለተማሪዎቼ በእሳቸው ነበር የማስረዳው። "ኢንዛይም የሴል ሠራተኛ ነው። አንዳንዴ ምንም የማይሠራለት እንግዳ መጥቶ ወንበሩን ይይዝበታል፤ ያኔ ሥራ ይቆማል።" ተማሪው ሁሉ ያውካካል። ሴሉ ራሱ ሆን ብሎ፣ ሠራተኛው ከልክ በላይ እንዳያመርት፣ እንዲህ ዓይነት እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ግን በችኮላ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ላሚሶ ሻሸመኔ ለቅሶ ሄዱ። እኔም ፀጉሬ ጆሮዬን ሸፍኖት ስለነበር ደስ ብሎኝ ወደ ፀጉር ቤቱ ከነፍኩ። ሰልፉ ደጅ ደርሷል። ማቴዎስ በአንድ እጁ ወገቡን ደግፎ ይቆርጣል።

"ትንሽ አረፍ አትልም እንዴ?" አልኩት።

"ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ? እንቢ ማለት አልችልበትም፣ መምህር። ሐኪሙ ወገብህን አሳርፍ ካለኝ ጀምሮ ጋሼ ናቸው እየመጡ የሚያሳርፉኝ።"

ተራዬ ደረሰና ተቀመጥኩ። ማሽኑን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።

"አስቀምጠውና አንተም ቁጭ በል። ዛሬ የመጣሁት ለወሬ ነው።"