ቡራዩን ማን ይስጥሽ

ከቡራዩ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሳያስበው ፕሮግራመር ይሆናል። አያምኑኝም? ታክሲያችንን ይመልከቱ። አንድ ሰው ይገባል፤ አይሄድም። ሌላ ይገባል፤ አይሄድም። የገቡትን ሁሉ ይዞ የመጨረሻውን ይጠብቃል። እንዲህ አንድ አንዱን እየተቀበለ ቀጣዩን የሚጠብቅ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ቁራጭ፣ መሥራትን በእኛ ሙያ ከሪንግ ይሉታል፤ ወያላው «አንድ ሰው የቀረው» ይለዋል። የወያላው ስም ይሻላል።

ሌላም አለ። ፈንክሽን ውስጥ የሚወለድ ፈንክሽን። እናትየው ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች፤ ልጅየው በእናቱ ቤት የነበረውን ይዞ ይቀራል። ክሎዠር ይባላል። ስንት ዓመት ስጽፈው አንድም ቀን ሆዴን አባብቶት አያውቅም ነበር፤ ባለቤቴ ሰናይት እስክታርፍ።

ሰናይትና ልጃችን ቢፍቱ ራት እስኪደርስ እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር። መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፤ ስድቡንም ይጠጣል። ሰናይት እያወቀች ትሸነፋለች። ሱሉልታን የሚያህል አገር ሽንኩርት እየከተፈች ስትሰጥ፣ በር ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ እሰማለሁ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ የሚበልጥ ምን ሀብት ነበረኝ?

እሷ ስትሄድ ጨዋታው ቆመ። ቢፍቱ ከእኔ ጋር አልጫወትም አለች። ለምኜ ሲያቅተኝ ወደ ሙያዬ ዞርኩ፤ እንቆቅልሽ የሚጫወት ፕሮግራም ስልኬ ላይ ሠራሁላት።

ፕሮግራሙ ተሸነፈና ሰበታን ሰጣት። ደግሞ ተሸነፈ፤ ደግሞ ሰበታ። «አባዬ፣ ይሄ ነገር የሰጠውን ይረሳል» አለችኝ። እውነቷን ነው። የተሰጡትን አገሮች መያዣ ልጅየው ፈንክሽን ውስጥ አስቀምጬው፣ በተጠራ ቁጥር ባዶውን ይጀምራል። አውጥቼ እናትየው ቤት አስቀመጥኩት። አሁን አይረሳም ብዬ ኮራሁ።

ቢፍቱ ግን ሰበታንና ሱሉልታን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። «እነዚህ እኮ የኔ ናቸው፤ እማዬ ሰጥታኛለች። የራሴን አገር ነው እንዴ መልሶ የሚሰጠኝ?»

የቀሩትንም ነገረችኝ። ሰንዳፋ፣ መናገሻ ከነጫካው፣ ለገዳዲ ከነውሃው። አዲስ አበባ ሳታውቀው የልጄን ውሃ ትጠጣለች።

«ቡራዩስ?» አልኳት።

«እሱን እማዬ እንቢ አለች። አባትሽ ሲሸነፍ ይስጥሽ አለችኝ።»

ስልኩን አስቀመጥኩት። ለካ ታክሲው የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጥግ ይዞ ፕሮግራም ይጽፋል።

እኔን ራሴን እንድትጠይቀኝ ለመንኳት። «እንቆቅልህ» አለች።

«ምን አውቅልሽ።»

«ቀኑን ሙሉ ይሸከምሃል፣ ማታ በር ላይ ትጥለዋለህ።»

ጫማዬን አየሁት። አላወቅሁም አልኳት። አገር ስጠኝ አለች፤ ቡራዩን ሰጠኋት። ከዚያ እናቷን ትሰድብ በነበረበት ስድብ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ሰደበችኝ። እንደዚያ ቀን የጣመኝ ስድብ የለም።

በማግስቱ አከራያችን ኦቦ ገመቹ ግቢ ውስጥ «አካም ቡልቴ» ብለው ቢፍቱን እንዴት እንዳደረች ቢጠይቋት፣ ቡራዩ ከትናንት ጀምሮ የእሷ መሆኑን ነገረቻቸው። «እርስዎን አላስወጣዎትም» አለቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንስተው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኗት። ለአባትሽስ ምን አሰብሽለት ሲሉ ጠየቋት።

«እሱን ገና አስብበታለሁ፤ ጫማውን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው» አለች።