ጋሽ ይታየው እና የጸጥታ ግንኙነት

አውሮፓውያን ከኃያሉ ጎረቤታቸው ከሩሲያ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ጨንቋቸዋል አሉ። ምነው ደብረ ማርቆስ መጥተው ጋሽ ይታየውን ቢጠይቁ? ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጧት ጧት ሱቄ መጥተው የጨው ጆንያ ላይ ይቀመጡና ስለ አውሮፓ ይተነትኑልኛል።

«የጸጥታ ግንኙነት ማለት» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ስሙ እንደሚለው ጸጥ መባባል ነው። እኔና ያ ባለፎቅ ጎረቤቴ በአጥር ከተጣላን ስድስት ዓመታችን ነው። ቃል አልተለዋወጥንም፤ ጥይትም አልተተኮሰም።»

«ቢታመሙ ማን ይደርስልዎታል? ሰላምታ ቢጀምሩስ?»

«መጀመሪያ እሱ ይጀምር።»

እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፤ ማስማማት እንጀራዬ ነው። ሳምንት ሙሉ ተከራክሬ፣ እንደ ትልቅ አገር ልዑክ ነጭ ጋቢ አስለብሼ፣ እስከ ጎረቤታቸው በር ሸኘኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው አንኳኩ። ዘበኛው ወጣ።

«ሰውየውን ነው? አዲስ አበባ ከገቡ ዓመት አለፋቸው እኮ። ቤቱ ባዶ ነው።»

ለካ ዓመቱን ሙሉ ያን ሁሉ ጸጥታ ያስከበሩት ከባዶ ቤት ጋር ኖሯል። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት።

«ታዲያ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ከእንግዲህ ከማን ጋር ልኮራረፍ?»