ጋቢ ውስጥ የጮኸው ባለጸጋ

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ ስትስቁብኝ ብቻችሁን እንዳትስቁ ብዬ ነው። ፈሪን ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ? እኔን ያላላበኝ ቦታ የለም።

ሥራዬ ላሊበላ ላይ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ነበር ልበል? እንግዳው ከቀነሰ ወዲህ አስፋልት ዳር ቆሜ የመኪና ሰሌዳ ሳነብ ነው የምውለው። ይህን የሰማ የሚስቴ ወንድም ከደሴ ደወለልኝ። እሱ በኮምፒውተር ተከታታይ ካርቱን ይሠራል። ሥዕሎቹ ይሄዳሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። አንተ አፍ ታውቃለህ፣ ድምፅ ሁንልኝ አለኝ። ሥራ ፈት ምን ይመርጣል? እሺ አልኩ።

ድምፅ እንድሆነው የሰጠኝ ሥዕል አቶ ጠቅልለው ይባላል። ከራሱ ቀድሞ ሆዱ በር የሚገባ ሀብታም ነው። በአንዱ ክፍል ምን አደረገ መሰላችሁ? ገበሬዎች ገለባውን ከእህሉ ሊለዩ አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠብቁ፣ ጉብታው ላይ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። ነፋሱ የሚመጣው በኔ መሬት አልፎ ነው፣ ስለዚህ ክፈሉ አላቸው።

ለእንዲህ ያለ ሰው ድምፅ ከየት ይመጣል? እኔ ሩቅ አልሄድኩም፤ ከአከራዬ ከጋሽ ሞላ ወሰድኩት። ጋሽ ሞላ ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ማሳደሪያ አላቸው፤ ላሊበላ ላይ ደግሞ ከሳቸው ጋር ግድግዳ ተጋርተን የምንኖርበት ግቢ የሳቸው ነው። (አያችሁ? እዚህ እንኳ አንቱ ማለት አልተውኩም።) ሲናገሩ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ቀጥለው «ለናንተው ብዬ እኮ ነው» ይላሉ። ኪራይ የሚጨምሩት ለኛው ብለው ነው። የውሃውን ቧንቧ የሚቆልፉትም ለኛው ብለው ነው። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ በሬን ዘግቼ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬ ላይ እየቀረጽኩ እጮሃለሁ። «እህም! ለናንተው ብዬ እኮ ነው! ምድሩ የኔ፣ ነፋሱ የኔ፣ ሁሉም የኔ ነው!» ከዚያ ረጅም ሳቅ አለ፤ ሥዕሉ ስለሚስቅ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሚስቴ በላይነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጋሽ ሞላ መጥተው ነበር አለች። ስለዚያ ስለ ድምፁ ነገር አሁኑኑ ይምጣ ብለዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ካርቱኑን አይተውታል፣ ድምፃቸውን ለይተውታል፣ ሊያስወጡን ነው። ሁለት ልጆች ይዘን የት እንገባለን? ልካድ ብል በላይነሽ ሳቀችብኝ። አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል አለች። ይልቅ እንደ አባቶቻችን ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ላይ ውደቅ፤ ድንጋይ የተሸከመን ሰው ከቤት ማን ያስወጣል? ምክሯ ደግ ነበር። አስታራቂ እንዲሆኑኝ የንስሐ አባታችን መምሬ ቤት ሮጥኩ። የሉም፤ ጋሽ ሞላ አስጠርተዋቸው ሄደዋል ተባልኩ። ባሰ! ሊያስገዝቱኝ ነው። ከቤትም ከቤተ ክርስቲያንም በአንድ ቀን ልባረር ነው።

ድንጋይ መረጥኩ። ስፈራ ልክ አላውቅም፤ ትልቁን አነሳሁ።

ቤታቸው ስገባ ጋሽ ሞላ ጥግ ይዘው ቆመዋል። መምሬ መስቀላቸውን ይዘዋል፤ እግራቸው ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። እኔ ምኑን ላስተውል! ከነድንጋዬ ተደፋሁ። መምሬ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«በመስቀሉ ተናገር» አሉ። «ያ ሁሉም የኔ ነው እያለ የሚጮህ ማን ነው?»

«ጋሽ ሞላ ናቸው አባቴ» አልኩ። «አልደብቅም፤ እሳቸው ናቸው።»

የጀሪካኑ ነገር የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። ጋሽ ሞላ ካርቱን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። በግድግዳው በኩል ግን፣ በተዘጋ ቤት ብቻዬን በሌላ ሰው ድምፅ ስጮህና ስስቅ ስንት ቀን ሰምተዋል። ክፉ መንፈስ አደረበት ብለው አዝነው፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ጠበል አስቀድተው፣ መምሬን ለምነው ነው ያስጠሩኝ። መንፈስ ያደረበት ሰው ጠበል ፊት ሲቀርብ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመንፈሱ ስም ነው። የኔው ስሙን ተናገረ። ጋሽ ሞላ ሆኖ ተገኘ።

መምሬ ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ሞላ ዞሩ። ጋሽ ሞላ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«ኧረ በላሊበላ! እኔ እዚሁ ቁሜ የለሁም ወይ?» ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ።

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ስለ ካርቱኑ ልናገር? ከዚያስ? ቤቱስ? መልሼ ዘጋሁት። ልብ በሉ፣ አንዲት ቃል አልዋሸሁም፤ እውነቱን በግማሽ ነው የተናገርኩት። መስቀል ፊት ግማሽ እውነት ምን እንደሚባል መምሬን መጠየቅ እስከ ዛሬ ፈርቻለሁ።

መምሬ ለሁለታችንም ሰባት ቀን ጠበል አዘዙ። በማለዳው ብርድ አከራይና ተከራይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እንዲያው... ያ የሚናገርብህ፣ ስለ እማማ ጥሩዬ አጥር ያነሳው ነገር አለ?»

እማማ ጥሩዬ ባል የሞተባቸው ጎረቤታቸው ናቸው። እኔ ስለ አጥሩ ምንም አላውቅም፤ መልስም አልሰጠሁም። ግን ብርዱ አንገቴን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀጠቅጠው ነበር። እሳቸው አዎን አለኝ ብለው ወሰዱት። በሳምንቱ የጋሽ ሞላ አጥር ስድስት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛንም ውጡ ያለን የለም፤ እንዲያውም በግቢው ሲያልፉ ቀድመው እጅ የሚነሱኝ እሳቸው ናቸው።

ቀልድ ስግብግብን ያርማል ይላል የሚስቴ ወንድም። እንጃ። አቶ ጠቅልለውን አይቶ አጥሩን የመለሰ ሰው አላጋጠመኝም። ጋሽ ሞላም እስከ ዛሬ አላዩትም፤ እባካችሁ እናንተም አታሳዩብኝ።

ትናንት ሁለት ሴቶች በሬን አንኳኩ። ከጋሽ ሞላ ጋር በመሬት የሚጨቃጨቁ ናቸው። ግራ ቀኝ አይተው፣ ወንድማችን፣ እባክህ አንድ ጊዜ ደግሞ ይነሳብህ አሉኝ። ድኛለሁ ልል ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ከጋሽ ሞላ ይልቅ እነሱ አስፈሩኝ።

«ለስንት ሰዓት ይሁንላችሁ?» አልኳቸው።