የቆስጣዬ ችካል

ሰፊ መሬት ያለው ሰው ዘሩን በትኖ ይሄዳል፤ ጠባብ ያለው ግን ለእያንዳንዷ ዘር አልጋ ያነጥፋል። እኔ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ቡራዩ ያለችው ጓሮዬ ከሳሎኔ አትበልጥም፤ ግን በአሮጌ ሳንቃ አጥሬ፣ ጥቁር አፈርና የበሰበሰ እበት ሞልቼ፣ እስከ ጉልበት ከፍ ያሉ ሦስት መደቦች ሠራሁ። ምን አለፋችሁ፣ ከአንዱ ቆስጣ ስቆርጥ በሌላው ሰላጣ ይደርሳል፤ ካሮቱ ሲነቀል በቦታው ቀይ ሥር ይገባል። አፈሬ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ከኔ ነው የተማረው።

ሚስጥሩ መከፋፈሉ ላይ ነው። መደቡን በክንዴ ለክቼ፣ ዳር ዳሩን ችካል መትቼ፣ በሲባጎ እንደ ዳማ ገበታ እሸነሽነዋለሁ። እንዲህ ካልሆነ ጎመኑ እየተስፋፋ ሌላውን ያፍናል፤ ጎመን ደግሞ ሲሰጡት ልክ የለውም።

እንግዲህ ጊዜው አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው የተባለበት የማስተር ፕላን ጊዜ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በተቃውሞ ይዘጋል። ገበሬው ሜትር የያዘ ሰው ካየ እንቅልፍ የለውም፤ ዛሬ ችካል፣ ነገ የሌላ ሰው አጥር ነዋ። እኔ ይህን አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ግን አራተኛውን መደብ የት አበጀሁት መሰላችሁ? ከኦቦ ቶሎሳ የጤፍ ማሳ ጋር በሚያዋስነን ጥግ። ችካሌን መታሁ፣ ቀይ ሲባጎዬን ወጠርኩ፣ እጄን ታጥቤ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ ችካሌ ሁሉ ተነቅሏል። ኦቦ ቶሎሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ችካሎቹን ታቅፈው። «አካም ጂርቱ» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም ብላቸው ችካሎቹን ይበልጥ እቅፍ አደረጉ። የሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፤ ቆስጣዬ የሚበላው እበት እንኳን የሳቸው ላሞች ነው።

«አዴ ዘውዴ፣ ማንን ነው ያስገባሽብኝ?» አሉኝ።

ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ያ የምታውቁት ምላሴ ለዚህ እንደማይበቃ ገባኝ። (አትሳቂ የእህቴ ልጅ፣ ጻፊው።) እጃቸውን ይዤ ወደ ቀደሙት መደቦች ወሰድኳቸው። ሽማግሌዎቹም ተከተሉን። ጎንበስ ብለው በየሲባጎው መሀል የበቀለውን አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄ ሁሉ ሽንሸና ለሰላጣ ነው?»

«ለሰላጣ ነው ኦቦ። አንቱ በጥማድ ይለካሉ፤ እኔ ያለችኝ ክንዴ ናት።»

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ቆይተው እሳቸውም። ችካሎቹን ግን አልመለሱልኝም፤ እንደታቀፏቸው ሄዱ። አልፈረድኩባቸውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ጓሮው የኔ ነው ብዬ ሙግት መግጠም እችል ነበር። ይልቅ የቀሩትንም ችካሎች በገዛ እጄ ነቅዬ ማገዶ አደረግኳቸው፤ በሲባጎው መስመር ነጭ ሽንኩርት ተከልኩበት። መስመሩ ይታያል፣ ተባይ ያርቃል፣ ማንንም አያስደነግጥም። ኦቦ ቶሎሳም ጎራ ባሉ ቁጥር ከመስመሩ አንድ ሁለት ራስ ነቅለው ይሄዳሉ።

በዚያ ዓመት ያለ ጠብ የፈረሰ ድንበር የኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።