ኩሬ የጠበበው ሞተር

ሥልጣኔ ወደ ብቸና በብዙ መንገድ ገብቷል፤ በጀልባ ሞተር በኩል የገባው ግን በይታያል ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ነገሩ ለትውልድ ሊተላለፍ የሚገባው ስለሆነ ሳናጋንን፣ እንደሆነው እናወራዋለን።

ይታያል ከከተማው ወጣ ብላ ለመስኖ በተገደበች ኩሬ ዓሣ ያሰግር ነበር። ኩሬዋ ሰፊ ናት፤ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥስ፣ ወዲህ ያለው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ይማርህ» ይለዋል። ይታያል በቆርቆሮ ጀልባው ትንሽ ይቀዝፍና መረቡን ጥሎ፣ በጾም ወራት ለሆቴሎች የሚበቃ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ኋላ ቀርነት ልጆቹን ሲያበላ ኖረ።

ከዚህ ጨለማ ያወጡት የዓሣ ሀብት ባለሙያው አቶ ስጦታው ናቸው። በአንድ ሥልጠና ላይ «ሞተር የሌለው ጀልባ ጀልባ ሳይሆን ገንዳ ነው» አሉ። ይታያል አንገቱን ደፋ። ቤቱ ሲደርስ እንግዳ ቢመጣ እንዳያይበት መቅዘፊያውን ከበር ኋላ ሸሸገው።

«ጊደሯን ልንሸጣት ነው» አላት ሚስቱን ዘርፈሽን።

«ለምን?»

«ለሞተር።»

«ኩሬዋን ለመሻገር ብዙ ይፈጅብሃል?»

«ኧረ ወዲያው ነው።»

«ታዲያ ምን አጣደፈህ?»

«ነገሩ የፍጥነት አይደለም፤ የአመለካከት ነው።»

ጊደሯ ዘርፈሽ ከወላጆቿ ቤት ያመጣቻት ነበረች። አመለካከት የላትም እንዳትባል ራሷ ፈትታ ሰጠችው።

ሞጣ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚነግዱት አቶ ሰማው አንድ ሞተር ነበራቸው። ዝገቱ ቀለም መስሏል፤ እጀታው በጠፍር ታስሯል።

«አርጅቷል» አለ ይታያል።

«አርጅቷል አይባልም፤ ተፈትኗል። ትናንት ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ዛሬ መምህር ይሆናል?»

ለጎጃም ሰው ቅኔ ከተጠቀሰ ክርክሩ አበቃ። «ቀድሞ የማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ ይታያል።

«ጣና ላይ ያሉ የአንድ ባሕታዊ። ከበዓታቸው የትም አይወጡም።»

«ታዲያ ሞተር ምን ያደርግላቸዋል?»

«ምንም። ደህና ሆኖ የቆየው እኮ ለዚህ ነው።»

በርሜል በውኃ ተሞልቶ ሞተሩ ተሞከረ። ሁለቱም ገመዱን እየተቀባበሉ ሲስቡ ላብ አጠመቃቸው። ሞተሩ ሳል፣ ሳል አደረገና ድንገት አጓራ፤ የበርሜሉን ውኃ ጠራርጎ በሻጭና በገዢ ላይ ደፍቶ ቀጥ አለ።

«ምን ሆኖ ቆመ?»

«ውኃ አልቆበት ነዋ። ውኃ በሌለበት አለመሥራቱ አስተዋይነቱ ነው።»

ይታያል ፊቱን እየጠረገ በሞተሩ አስተዋይነት ተደነቀ። ጊደሯም በሞተሩ ልዋጭ እዚያው ቀረች።

በሞተሩ ምረቃ ቀን ኩሬዋ ዳር ድንኳን ተተከለ። አቶ ስጦታው «ይህቺ ጀልባ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ የማትመለስበትን የዕድገት ጉዞ…» ብለው ሲጀምሩ ይታያል ገመዱን ሳበ። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ጀልባዋ ኩሬዋን ጨርሳ፣ ዳሩን ዘልላ የአዛውንቱ ገበሬ የወልደ ሰንበት ጓያ ማሳ ውስጥ ገባች። ሕዝቡ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ወልደ ሰንበት ከማሳው መሐል ቀና ብለው «ምነው ይታያል፣ ልታርስልኝ ነው?» አሉት።

ይታያል ጥርሱን ይቆጥር ነበር።

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከሰፊ ውይይት በኋላም እንዲህ ሲል ደመደመ፦ ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ሠርቷል፤ የአቅም ውስንነት የታየው በኩሬዋ ላይ ነው። ስለዚህ ኩሬዋ ትስፋ። ለማስፋት መቆፈር፣ ለመቆፈርም ውኃውን መልቀቅ ግድ ስለሆነ፣ የግድቡ መዝጊያ ተከፈተ።

ያን ቀን ጭቃው ላይ የሚንፈራገጠውን ቆሮሶ ያየ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ወረደ። ካህኑም ነጋዴውም ወረደ። ዓሣ ያላገኘው ዓሣ አስጋሪው ብቻ ነበር፤ አቶ ስጦታው «አንተ ንብረቱን ጠብቅ» ብለውት ሞተሩን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ዘርፈሽ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቅርጫቷን ስትሞላ ከሩቅ ያያታል። ሊጠራት ፈለገ፤ አፈረ።

በማግሥቱ የአቶ ስጦታው ጽሕፈት ቤት «በሞተር በታገዘ ዘመናዊ አሠራር በአንድ ጀምበር ታሪካዊ ምርት ተገኘ» ሲል ለበላይ አካል አሳወቀ። ቆፋሪው ማሽን ግን መንገድ ላይ ነው እንደተባለ ቀረ፤ ኩሬዋ ሣር አበቀለች።

ዝናው እንደተሰማ ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። ሞተሩ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የእንግዶቹ መሪ ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ ይታያልን «ያ ሁሉ ዓሣ የተያዘው በዚህ ነው?» አሉት።

ይታያል አቶ ስጦታውን አየ። ከእንግዶቹ ኋላ የቆመችውን ዘርፈሽንም አየ። የሌሎችን ውሸት መሸከሙ ከመቅዘፍ ይልቅ አድክሞታል።

«አይደለም ጌታዬ» አለ። «በቅርጫት ነው።»

አቶ ስጦታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪው ግን በነገሩ ተመስጠው ጎንበስ አሉና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት፦

«ቅርጫቱ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?»