የሰባቱ ግንብ አዛዥ

በየቤቱ አንድ ምሽግ ሠሪ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ የሳሎናችሁን ጥግ በደንብ አላያችሁትም ማለት ነው። ምሽግ ሠሪ ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ እንዳይመስላችሁ። ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ በረሮ ሲያይ ሚስቱን የሚጠራ ሰላማዊ ዜጋ ነው። ብቻ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ፣ እሱ ለአፍታ ዓይኑን ከነቀለ የሚያልቁ ሃያ ሦስት ነፍሶች አሉበት። ሃያ አራተኛዋ ወጥ ቤት ቆማ ራት ቀርቧል ብላ ትጣራለች። እሷ አትቆጠርም፤ የከበባት ጠላት የለም።

የዛሬው ሰውዬ ክቡር አዛዥ ይባላሉ። ሹመቱን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ናት። አንቱታውም የእሷ ነው፤ ስትናደድ ይመጣል፣ ሲበርድላት ይሄዳል፤ ሰሞኑን ግን መጥቶ ቀርቷል። እሷ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ እሳቸው የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። የውሃ ሠራተኛው ቤት ያለው ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ባልዲ ተደቅኖለት ይኖራል። "ይሄ ከበባ ይለፍና አየዋለሁ" ብለዋል ክቡር አዛዥ። ብዙ ጊዜ ብለዋል።

ጌሙ እንዲህ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ጥቂት ሰፋሪዎች ይሰጡሃል። ቤት ትሠራላቸዋለህ፣ መሬት ታሳርሳቸዋለህ፣ ጎተራ ትሞላላቸዋለህ። ከዚያ ወራሪ ይመጣል። ጤነኛ ሰው አንድ አጥር አጥሮ ጨዋታውን ይቀጥላል። ክቡር አዛዥ ሰባት ግንብ ሠርተዋል። የመጀመሪያው የእንጨት ነው፤ ለማታለያ። ሁለተኛው የድንጋይ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ውሃ የሞላ ቦይ አለ፤ ያ ቦይ አንጠባጥቦ አያውቅም። ከአራተኛው በኋላ ያለውን ሚስታቸው መቁጠር ትታለች። አንድ ቀን ብቻ ሰባተኛው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀች።

"ስድስቱ ከተሰበሩስ?" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

"ተሰብረው ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ታዲያ?"

"ሰባተኛው ስላለ ነዋ።"

ከሁሉም በላይ የሚኮሩበት ግን በሩ ነው። ሰባት ግንብ የገነባ ሰው አንድ በር ክፍት ትቷል። ወራሪዎቹ ክፍት በር ሲያዩ ግንብ ማፍረሱን ትተው በዚያ ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ ያለው መንገድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ፣ እንደገና ወደ ግራ የሚታጠፍ ነው፤ በየመታጠፊያው ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። "ሁሉን ከዘጋህባቸው ግንብህን ያፈርሱታል" ይላሉ ክቡር አዛዥ፤ "አንድ ክፍት ተውላቸው፣ ራሳቸው ይሰለፋሉ።" ይህን ለእንግዳ ይናገራሉ፣ ለፀጉር አስተካካያቸው ይናገራሉ፤ የጥርስ ሐኪሙ አፋቸውን ጥጥ ሞልቶት ሳለ እንኳ ሊናገሩ ሞክረዋል።

ሰፋሪዎቹ ደግሞ በዘመድ ስም የተሰየሙ ናቸው። የሚስታቸው ወንድም ሊጠይቃቸው የመጣ ቀን ክቡር አዛዥ ከወንበራቸው ተነሥተው እጁን ጨበጡትና፣ ፊታቸውን አክብደው፣ "ያንተ ሰው ትናንት ሞተ" አሉት። "ግን አልሸሸም። ቦዩ አጠገብ በክብር ቀብሬዋለሁ።" ወንድምዬው ዞሮ እህቱን ሲያይ፣ እሷ የምታየው ሌላ ነገር ነበር። በእሷ ስም የተሰየመችው ሰፋሪ ድንጋይ ተሸክማ በስክሪኑ ጥግ ታልፋለች። "ጎበዝ ናት" አሉ ክቡር አዛዥ፤ "ድካም የሚባል አታውቅም። ከሁሉም ብዙ ድንጋይ የተሸከመችልኝ እሷ ናት።" የተናገሩት ለማሞገስ ነው። እሷን ግን አንገበገባት፤ ምክንያቱም እውነት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሐል ደብዳቤው መጣ። አሥራ አንድ ዓመት በአለቃ ፊርማ ሥር የሰው ደም ስትመረምር ለኖረችው ሴት፣ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊነት ተሰጣት። በመኪና የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ ቅጽ አለ፤ ከታች የትዳር ጓደኛ የሚሞላው ቦታ፤ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች፦ "አብሮ ይሄዳል"፣ "አብሮ አይሄድም"። ቅጹ እስከ ዓርብ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ቅዳሜ ነገረቻቸው። "ይሄ ከበባ ይለፍና እንነጋገራለን" አሉ። እሑድ ከበባው አለፈ፤ ጎተራው ግን ተቃጥሎ ነበርና "ጎተራው ይጠገንና" አሉ። ሰኞ ጎተራው ተጠገነ። ማክሰኞ ምሽት ቅጹን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ክቡር አዛዥ በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ ከስኒው ጎን በጥንቃቄ አኖሩትና ስምንተኛ ግንብ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ልቧ የቆረጠው። እሳቸውን ለመተው አይደለም፤ ገና እዚያ አልደረሰችም። አንድ ጊዜ በሕይወቷ ማውዝ በሌለበት ቦታ ልታገኛቸው ፈለገች። ረቡዕ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ቅጹን በቦርሳዋ ይዛ፣ መሥሪያ ቤታቸው ሄደች። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ሥራቸው ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ወረቀት ነው" ይሏታል። ሌሎች ሴቶች ባሎቻቸው ስለ ሥራቸው ሲያወሩ የሚያዛጉበትን ዕድል እንኳ አላገኘችም።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ቀድሞ ወጣባት። ስድሳ የሚሆን ሰው፣ ባዶ ጄሪካን የያዘ፣ የታጠፈ ወረቀት የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ በአንድ መስኮት ላይ ተረባርቧል። መስኮቱ አናት ላይ "ቅሬታ መቀበያ" ይላል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰው አይታይም፤ የሚታየው ከታች ባለው ቀዳዳ እየወጣ ወረቀት የሚቀበለው እጁ ብቻ ነው። እጁን አወቀችው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለችው ዘበኛውን።

"ዛሬማ ደኅና ነው እህቴ" አለ ዘበኛው። "እኒህ መስኮቱ ላይ ያሉት ሰውዬ ሰው አንድ በአንድ እንዲገባ የብረት መከለያ ይሠራልን ብለው በየዓመቱ ይጽፋሉ። ንድፉን ሳይቀር ሠርተው ሰጥተዋል። አለቃው አዳራሹን ያጠብባል ብለው መለሱላቸው። ያው፣ እኔ ጋ ተለጥፏል።"

በዘበኛው ጎጆ ግድግዳ ላይ በማስመሪያ የተሠመረ ወረቀት ነበር። ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ፣ እንደገና ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ። ወጥመድ የለውም። መጨረሻው ላይ ወጥመድ በሚኖርበት ቦታ፣ በትንሽ ጽሑፍ፣ "ለአረጋውያን ወንበር" ይላል።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር።

ተጋፍታ ተጋፍታ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ባሏ ቀና አላለም። "ውሃው ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው?" አለ። ቅጹን በቀዳዳው አሾለከችለት። እጁ ተቀበለው፣ ማኅተም መታበት፣ መዝገብ ላይ ቁጥር ጻፈ፣ ቅጹን የቴክኒክ ክፍል በሚል ክምር ላይ ጣለውና ብጣሽ ወረቀት መለሰላት። "በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ያገኛሉ። ቀጣይ።"

የትዳሯ ጉዳይ ቁጥር ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሆኖ ቧንቧ ጠጋኞች ዘንድ ሊሄድ ነው። ስድቧን ልትለቅበት ስትል፣ ከኋላዋ የነበረ ሰው ጭቃ የመሰለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ደፋው። "እስቲ አንተ ጠጣው!" ውሃው በቀዳዳው ገብቶ መዝገቡን አበላሸው። ባሏ መሐረቡን አውጥቶ፣ መጀመሪያ መዝገቡን፣ ቀጥሎ እጁን ጠረገ። መሐረቡን የገዛችለት እሷ ናት።

"ልክ ነዎት አባቴ" አለ። "እኔም ብሆን እናደዳለሁ። ከደፈረሰ ስንት ቀን ሆነው?"

በድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ማታ ማታ ሃያ ሦስት ሰዎችን በሰባት ግንብ የሚጠብቀው ሰው ቀን ላይ ራሱን የሚጠብቅበት አንድ መስታወት ብቻ ነበረው፤ እሱም ከታች ክፍት ነው። አዘነችለት፤ ያዘነችለትን ያህልም ተናደደችበት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ እያየ "ወረቀት ነው" ሲላት ኖሯል።

እሷ በየማለዳው ባዶ ሆዳቸውን የመጡ፣ መርፌ የሚፈሩ፣ ቶሎ በይልን የሚሉ በሽተኞችን የምታስተናግድ ሴት ናት። ዞር አለችና በዚያ ድምፅ ተናገረች። "እናንተ! ሁላችሁም ወደ ኋላ። ልጅ ያዘለች በዚህ በኩል። እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ተራዎን እኔ እይዛለሁ።" ከዘበኛው ጋር ሁለት አግዳሚ ወንበር ጎትተው አጋደሙ፣ ሦስተኛውን በቁመቱ አቆሙ። ሰዉ አጉረመረመ፣ ተጋፋ፣ ከዚያ መታጠፊያ ሲያይ ታጠፈ።

"የኔ ልጅ፣ አዲሷ አለቃ ነሽ?" አሉ አሮጊቷ ከተቀመጡበት።

"አይደለሁም እማማ። እኔም ቅሬታ ይዤ ነው የመጣሁት።"

አዳራሹ ዝም ሲል ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ወንበሮቹን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ እሷን አየ። ለረጅም ጊዜ አያት። ቀጥሎ "ቀጣይ" አለ፤ ድምፁ ግን ቀጠን ብሎ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ በጎን በር ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ሁለተኛው መታጠፊያ ሰፍቷል" አለ። "ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል።"

"አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ?"

"ሌላው ግን ጥሩ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

መሬት መሬቱን አየ። "ምን ልበልሽ? ሲሰድቡኝ ዋሉ ልበልሽ? አንቺ የሰው በሽታ ስታዪ ውለሽ ነው የምትገቢው።"

"ቅዳሜ ስጠይቅህ ግን ይሄንን አልጠየቅኩህም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም ነው ያልኩህ።"

"እፈራለሁ" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። "እዚህ ከየት በኩል እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ። እዚያ አላውቅም። ቶሎ የምመጣም አይመስለኝም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።"

ይህ የሚያስደስት መልስ አልነበረም። እውነተኛ መልስ ግን ነበርና ተቀበለችው። ከዚያ፣ "በል ቅጹን አምጣ" አለችው።

"የቱን ቅጽ?"

"ማኅተም የመታህበትን።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጦ ገባ፤ በቴክኒክ ክፍል ክምር ውስጥ በሁለት እጁ ሲያገላብጥ በመስታወቱ ታየዋለች። ሲያገኘው ወዲያው አላመጣላትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ማስመሪያ አወጣ፣ አጎንብሶ ብዙ ጊዜ ቆየ።

ዓርብ ጠዋት የሆስፒታሏ የሰው ኃይል ሹም ቅጹን ወደ ብርሃኑ አቅርበው ተመለከቱት።

"ይሄ የውሃ መሥሪያ ቤት ማኅተም እዚህ ምን ይሠራል?"

"በስሕተት ነው።"

"ይሄስ?"

ከሁለቱ የታተሙ ሳጥኖች ሥር፣ በማስመሪያ የተሠመረ፣ ከታተሙት ይልቅ ቀጥ ያለ ሦስተኛ ሳጥን አለ። ጎኑ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ "ይከተላል" ይላል። ውስጡ ምልክት ተደርጎበታል።

"በመመሪያው ሁለት ምርጫ ነው ያለው እህቴ" አሉ ሹሙ። "ይከተላል የሚባል ነገር የለም። አይሄድም ብዬ ልያዘው?"

ሳጥኑን አየችው። ምን ያህል ጊዜ እንደሠመረው፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳጠፋው ከሥሩ ይታያል። ሰውየውን ታውቀዋለች፤ ወር ይወስድበታል፣ ምናልባት ክረምት ይወስድበታል፣ መጀመሪያ ያንን ከተማ በወረቀት ላይ ይከባል። ያናድዳል። እንዲህ የሚያናድድ ሰው ደግሞ ሌላ የላትም፣ ሌላም አልፈለገችም።

"አብሮ ይሄዳል ብለው ይያዙት" አለች።

"ካልመጣስ?"

"መስኮቱን አውቀዋለሁ" አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። "መጥቼ እሰለፋለሁ።"